«እንዳይጠፋ» ብለን ያስቀመጥነው ዕቃ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ መምህርት ነኝ። ለገና ቤተሰቦቼ ዘንድ ለሁለት ሳምንት ስሄድ የቤቴን ካርታና ከእናቴ የወረስኩትን የወርቅ ሐብል ማንም የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩ። ስመለስ እኔም ልደርስበት አልቻልኩም። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ቤቱን ገለባብጬ አጣሁት። የሚገርመኝ፣ የአያቴ ማድቤት ውስጥ የጨው ቅሉ የት እንደሚንጠለጠል፣ ማሰሻው የት እንደሚሰካ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አሳያለሁ። መጀመሪያ የቤት ሠራተኛዬን ጠረጠርኩ፤ አሁን ግን የምጠረጥረው ራሴን ነው። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ የመርሳት በሽታ ነበረባት። እኔንም እየጀመረኝ ይሆን?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ ይመስለኛልና። አንድን ዕቃ፣ ያውም ሆን ብለው የደበቁትን፣ ማጣት ብቻውን የመርሳት በሽታ ምልክት አይደለም። የእርስዎ ታሪክ በጤናማ አእምሮ ላይ ሲደርስ የኖረ፣ ተመራማሪዎችም በሙከራ የፈተሹት ነገር ነው። በእውነት የሚያሳስቡት ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ዕቃው ለምን እንደተሰወረብዎት ልንገርዎ፤ ምክንያቱ ሲታወቅ የፍለጋው መንገድም ይለወጣልና።

ስለ ማስታወስ ችግር ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ስሞታቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሰው ስም ይጠፋብኛል፣ ወይ ዕቃ አስቀምጬ አጣለሁ። ሁለተኛውን ሲያስረዱ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥዕል በአእምሯቸው ይዘው ነው። አእምሮ እንደ ፎቶግራፍ አልበም ይመስላቸዋል፤ ትክክለኛው ገጽ ከተገለጠ ዕቃው ከነቦታው ቁጭ ብሎ የሚገኝ፣ ገጹ ከተቀደደ ደግሞ ያለቀለት። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አንድ ዕቃ የት እንዳለ ለማስታወስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ዕቃውን ማወቅ አንድ፣ ቦታውን ማወቅ ሁለት፣ ይህ ዕቃ እዚያ ቦታ መሆኑን የሚያስር ቋጠሮ ሦስት። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ አልበርት ፖስትማና ባልደረቦቹ እነዚህን ሦስቱን ለይተው ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ደኅና ሊሆን እንደሚችልም ያስረዳሉ። እርስዎ ሐብሉን ያውቁታል፤ እያንዳንዱን ቀለበቱን ሳይቀር ሊነግሩኝ ይችላሉ። ቤትዎንም በጨለማ ይሄዱበታል። ችግሩ ያለው በሦስተኛው፣ በቋጠሮው በኩል ብቻ ነው።

ቋጠሮውን የሚቋጥረው አንጎላችን ውስጥ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ በግራም በቀኝም የሚገኝ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። ሥራውን ያወቅነው በአንድ ሰው ጉዳት ነው ማለት ይቻላል። ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1953 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የሚጥል በሽታውን ለማዳን ተብሎ ይህ ክፍል ከነአካባቢው በሁለቱም ወገን በቀዶ ሕክምና ወጣለት። የሚጥለው ነገር ቀነሰለት፤ ከዚያ ወዲህ የሚሆነውን መያዝ ግን ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር እና ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ላይ ስለ ሣር ማጨጃው የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለተማሪዎቼ ሁሌ የማነብላቸው ነው። ሰውየው ትናንት በማጨጃው ሲሠራበት ውሎ፣ ዛሬ የት እንደተቀመጠ እናቱ ካልነገረችው አያገኘውም። ማጨጃው ምን እንደሆነ አልጠፋውም፤ አሠራሩም አልጠፋውም። የት እንደሆነ ብቻ ነው የጠፋው።

ሚልነር ነገሩን በዚህ አልተወችውም። በ1981 ከሜሪ ሉ ስሚዝ ጋር ሆና ሞንትሪያል ውስጥ የሠራችው ሙከራ በቀላልነቱ ደስ ይለኛል። አሥራ ስድስት መጫወቻዎችን ሰሌዳ ላይ በትነው «የእያንዳንዱ እውነተኛ ዕቃ ዋጋ ስንት ይመስላችኋል?» ብለው ሰዎችን ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ዋጋ በመገመት ሲያተኩሩ ስለ ቦታው ግድ አይሰጣቸውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን «መጫወቻዎቹን ወደነበሩበት መልሱ» ይባላሉ። ጤነኞቹ ሳያስቡት ቦታውን ይዘውት ተገኙ። የቀኝ ሂፖካምፐሳቸው በብዛት የተወገደላቸው ሕሙማን ግን ዕቃዎቹን ከነበሩበት አርቀው አስቀመጡ። አእምሯችን ማስታወስ ሳይታዘዝ፣ ሌላ ሥራ ላይ ተጠምዶም ቢሆን፣ ስለ ዕቃዎች ቦታ የሆነ ነገር እንደሚይዝ ከዚህ እንረዳለን። ነገር ግን የሚይዘው «በግምት እዚህ ጋ» የሚል ነው፤ ለዚህ ነው መነጽርዎን ሲፈልጉ ክፍሉን አውቀው ጠረጴዛውን የሚስቱት።

ከዚህ በታች ያለው ረቂቁ ክፍል ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ጆን ኦኪፍ በ1971 ለንደን ውስጥ፣ አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚተኩሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልኩ፣ የሂፖካምፐስ ሴሎችን አገኘ። ኤድቫርድና ሜይ ብሪት ሞዘር በኖርዌይ በ2005 ከዚያው ጎን ባለው ክፍል ወለሉን እንደ ንብ ሰፈፍ በእኩል ርቀት የሚለኩ ሴሎችን አገኙ። ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ከዚያው የሞዘሮቹ ቤተ ሙከራ በ2013 የወጣው ነው። ዕቃው ከተነሣ በኋላ፣ አይጧ ዕቃው ቀድሞ የነበረበት ባዶ ቦታ ስትደርስ የሚተኩሱ ሴሎች ተገኙ። ቤት ዕቃ ቦታ ከቀየሩ በኋላ ሶፋው በነበረበት ሲያልፉ ሰውነትዎ ዞር ለማለት ከቃጣው፣ የነገሩን ጣዕም ያውቁታል።

አሁን ወደ አያትዎ ማድቤት። የጨው ቅሉ ትዝታ የአንድ ቀን ትዝታ አይደለም። ያ ቅል እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ በሺህ ቀናት አይተውታል፤ አያትዎ ወጥ በሠሩ ቁጥር እጃቸው ወደዚያ ሲሄድ አይተዋል፤ ራስዎም እየተንጠራሩ አውርደውት ይሆናል። ከዚያም በላይ ቅሉ ከዘመዶቹ ጋር ነበር። ከጎኑ የበርበሬው፣ ከበላዩ ሰፌዱ፣ ከበታቹ ጉልቻው። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እንዲህ በየቀኑ ድግግሞሽ የተጻፈ ነገር ሂፖካምፐስ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ተሠራጭቶ ይደላደላል። ቅድም የነገርኩዎ ሞሌሰን እንኳ፣ ማጨጃውን የማያገኘው ሰው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ገብቶ ለዓመታት የኖረበትን ቤት ክፍሎች አሠላለፍ በኋላ ዘመኑ ሥሎ አሳይቷል። ከዕለት ወደ ዕለት መመላለስ ተሰብሮ በቀረው አንጎል ውስጥ እንኳ መንገድ ፈልጓል። የእርስዎ ሐብል ግን የተቀመጠው አንድ ጊዜ ነው፤ በጥድፊያ፣ ከጉዞ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ዘመድ በሌለበት ቦታ። ስለዚህ የአያትዎን ቅልና የእናትዎን ሐብል አያነጻጽሩ።

«ዘመድ በሌለበት» ያልኩት የነገሩ እምብርት ነው። በ1986 ዩጂን ዊኖግራድና ሮበርት ሶሎዌይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እርስዎ የደረሰብዎትን ነገር ቃል በቃል አጥንተዋል፤ ርዕሳቸውም በልዩ ቦታ የተቀመጡ ነገሮች ለምን ይረሳሉ የሚል ነበር። ለሰዎች ዕቃና የተቀመጠበትን ቦታ አጣምረው ያቀርባሉ። አንዳንዱ ጥምረት የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ማንም የማይጠብቀው። ሰዎቹ ያልተለመደው ቦታ የማይረሳ ይመስላቸዋል። ሲፈተኑ ግን የሚረሱት እሱን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስንፈልግ የምንነሣው ከዕቃው ነው። «ሐብል» ስንል አእምሯችን ወደ ሙዳዩ፣ ወደ ቁም ሳጥኑ መሳቢያ፣ ወደ ኮሞዲኖው ይሄዳል። ሐብሉ ለምሳሌ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ቢሆን፣ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ከሐብል አይነሣም። ሽሮ ጣሳውን ስንከፍት «አሃ!» እንላለን፤ ከሽሮው ወደ ሐብሉ የሚወስደው መንገድ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መንገድ ነው።

እኔ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው በራሴ አባባል ነው። ደባቂውና ፈላጊው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደባቂዋ እርስዎ ሌባ ነበር በአእምሮዎ ያለው፤ «ሌባ የማያስበው የት ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ብልህ መልስም አገኙ። ፈላጊዋ እርስዎ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ስሜት፣ በሌላ ጭንቀት ተመለሱ። ሌባው የማያስበውን ቦታ እርስዎም አላሰቡትም። ድብቁ በጣም ተሳክቷል። ሰው ይህን ስነግረው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ይናደዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መጥፋት እንዳሉ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይደባልቃቸዋል። ቁልፍዎን ከሥራ ሲገቡ ስልክ እያወሩ ፍሪጅ ላይ ጣል አድርገው ቢያጡት፣ ችግሩ ቋጠሮው መጀመሪያውኑ በወጉ አለመቋጠሩ ነው። ልብዎ ከስልኩ ጋር ነበር፤ እጅዎ ብቻውን ነው ያስቀመጠው። የዚህ መድኃኒቱ የማስታወስ ልምምድ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ የተመታች አንዲት ምስማር ናት። በየቀኑ የሚቀመጡ ነገሮች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ይጋጫል። ኬምብሪጅ ውስጥ በ1991 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች መኪናቸውን ያቆሙበትን ቦታ ጠይቆ ነበር። የቅርቡ ቀን በደንብ ይታወሳል፤ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ቀናቱ እርስ በርስ ይደራረቡና ይደበዝዛሉ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ በትናንቱ ቦታ ቆሞ በዛሬው መኪና የሚገረም ሰው የሚያሳፍረው ነገር የለም። የእርስዎ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እርስዎ አስበውበታል፣ ተጨንቀውበታል፤ ቋጠሮው ተቋጥሯል። የጠፋዎት የክሩ ጫፍ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ባለቤቴ ፍሪጁን ከፍቶ፣ ቅቤው ዓይኑ ሥር ሆኖ የለም ይላል» የሚል ስሞታ ከሚስቶች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ኧርዊን ሲልቨርማንና ማሪዮን ኢልስ በ1992 ካናዳ ውስጥ ሴቶች የዕቃዎችን ቦታ በማስታወስ ከወንዶች እንደሚሻሉ ያሳየ ጥናት አውጥተዋል። በኋላ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። ባልን ከማድቤት ሥራ ነጻ ለማውጣት አይበቃም። ቅቤውን በየቀኑ የሚያስቀምጠው ሰው ቢያገኘው ምን ይደንቃል?

ስለ ሠራተኛዎ አንድ ቃል ልበል፤ እርስዎም በጎን አነሱት እንጂ አልሸሸጉትም። ዕቃ ሲጠፋ ሰው መጠርጠር የቆየ ልማድ ነው። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት እንደነበር አያቶቻችን ያወሩ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው ይባላል። ዛሬ ልጁ ቀርቷል፤ ጥርጣሬው ግን ደካማው ሰው ደጃፍ ላይ መውደቁን አልተወም። ጥርጣሬው የአእምሮ ምክንያት አለው። ባዶ ቦታ ማየት አንጎላችን አይወድም፤ «አላስታውስም» ከሚለው ይልቅ «ተሰረቀ» የሚለው ታሪክ የተሟላ ነው። ያልተለመደ ቦታ ላይ ማስቀመጥዎን ስለሚያስታውሱ ደግሞ በተለመዱት ቦታዎች አለመኖሩ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እዚያ አላስቀመጡትማ። ልጅቷን በቃልም ሆነ በዓይን ነክተዋት ከሆነ ይቅርታ ለመጠየቅ ዕቃው እስኪገኝ አይጠብቁ።

ወደ ፍለጋው እንግባ። ሦስት ወር ቤቱን «ገለባበጥኩት» ብለዋል። ሰው ሲጨነቅ የሚያደርገው አሥር ቦታ አሥር ጊዜ ማየት ነው፤ ቁም ሳጥኑን ስንት ጊዜ ከፈቱት? ፈላጊዋን አሳርፈው ደባቂዋን ወደ ቤቱ ይጥሯት። ከጉዞው በፊት የነበረውን ሌሊት ይመልሱ። ሻንጣዎ የት ተከፍቶ ነበር? መብራት ነበር ወይስ ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ነው ያስቀመጡት? ማን ቤት ውስጥ ነበር፤ ማን ተኝቶ ነበር? ሰው ሲተኛ የሚደበቅ ነገር በር የማያንኳኳ፣ መሰላል የማይጠይቅ ቦታ ነው የሚሄደው። ከሁሉ በላይ ግን «የት አደረግሁት?» የሚለውን ትተው «ከምን ነበር የምሸሽገው?» ብለው ይጠይቁ። ከሌባ ከሆነ ሌባ የሚንቀው ቦታ ነው፤ የእህል ማዳበሪያ፣ የአሮጌ ልብስ ጥቅል፣ የተበላሸ ቴሌቪዥን ጀርባ። ከእሳት ከሆነ ከማድቤት የራቀ ነው። ከአይጥና ከእርጥበት ከሆነ፣ ካርታው ወረቀት ነውና፣ ከፍ ያለና ክዳን ያለው ነው። ፍርሃቱ ቦታውን መርጧል፤ ፍርሃቱን ሲያገኙት ቦታው ይከተላል።

ይህን ሲያደርጉ በሰውነትዎ ያድርጉት እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጠው አይሁን። ዳንኤል ሲሞንስና ራንሺያዎ ፍራንሲስ ዋንግ በ1998 ባሳተሙት ሙከራ አምስት ዕቃዎች በክብ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ አንዱ ቦታ ይቀይራል። ተመልካቹ ራሱ ተራምዶ ወደ ሌላ ጎን ሲዞር የተቀየረውን በቀላሉ ይለየዋል። ሰውየው ቆሞ ጠረጴዛው ሲዞር ግን ይሳሳታል፤ ዓይኑ የሚያየው ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። እግራችን ሲሄድ አእምሯችን የዕቃዎቹን ቦታ አብሮ ያሰላል ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት እንደነበሩት ከመኝታ ክፍል ተነሥተው፣ እጅዎ ውስጥ የሆነ ጥቅል ይዘው ይራመዱ። ጎረቤት ካየ ይየዋ።

ሰዎች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲገቡ የመጡበትን ይረሳሉ የሚባለውስ? ጋብርኤል ራድቫንስኪ በአሜሪካ ባደረጋቸው ሙከራዎች በር ማለፍ ራሱ የያዝነውን ሐሳብ እንደሚያደክም አሳይቶ ነበር። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ውጤቱ አእምሮ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ ካልሆነ ብዙም እንደማይታይ አመልክተዋል። እኔ የምወስደው ይህን ያህል ነው፦ ተጨናንቀው አይፈልጉ።

እናቶቻችን የጠፋ ነገር ሲፈልጉ ስሙን ያጉተመትማሉ፤ «መቀስ፣ መቀስ፣ መቀስ…» እያሉ ይዞራሉ። ልጅ ሳለሁ እስቅ ነበር። በ2012 ጋሪ ሉፕያንና ዳንኤል ስዊንግሊ ይህንኑ ፈትነው፣ የሚፈለገውን ነገር ስም ጮክ ብሎ መጥራት ፍለጋውን ሊያፋጥን እንደሚችል አገኙ። ግን አንድ ሁኔታ አለው፤ ስሙ የዕቃውን መልክ በግልጽ የሚያመጣ መሆን አለበት። እርስዎ ጋ አደጋው እዚህ ላይ ነው። «ካርታ» ሲሉ በአእምሮዎ የሚመጣው ማኅተም ያለበት ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ «ሐብል» ሲሉ ወርቅ ሲያብለጨልጭ። ግን እንዲህ ራቁታቸውን ነው ያስቀመጧቸው? አይመስለኝም። ካርታው ምናልባት ፌስታል ውስጥ ነው፤ ሐብሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ምናልባትም በአንድ አሮጌ ካልሲ ውስጥ። ዓይን የሚያገኘው አእምሮ ያዘዘውን ነው። ወርቅ ሲያዙት ጥቁር ፌስታሉን እያየ ያልፈዋል። ስለዚህ ከቦታው በፊት መጠቅለያውን ያስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ «ጥቁር ፌስታል፣ ጥቁር ፌስታል» እያሉ ይዙሩ።

ሲደክሙ ይተኙ። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምለው። ጆን ሩዶይና ባልደረቦቹ በ2009 ሰዎችን ኃምሳ ሥዕሎች በስክሪን ላይ የት የት እንዳሉ አስጠኗቸው፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከራሱ ድምፅ ጋር ነበር፤ ድመቷ ከጩኸቷ ጋር እንደ ማለት። ከዚያ ሰዎቹ ሲያሸልቡ የሃያ አምስቱን ድምፅ ብቻ ቀስ አድርገው አሰሙ። ሲነሡ፣ ድምፃቸው የተሰማላቸውን ሥዕሎች ይበልጥ ከትክክለኛው ቦታቸው አጠገብ አስቀመጧቸው። አንጎል በእንቅልፍ ሰዓት የዕቃ ቦታን እየከለሰ ያጠናክራል። ይህ ሦስት ወር ያለፈውን አያስመልስም፤ ያን ሌሊት ግን ስንት ሰዓት ተኙ? ለሊት አሥር ሰዓት ለመነሣት እኩለ ሌሊት ተኝተው ከሆነ፣ ሐብሉ የተደበቀበት ትዝታ ገና እርጥብ ሳለ ነው አውቶቡስ ላይ የተሳፈሩት።

አሁን የሚያስጨንቅዎትን ልመልስ። ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው በሆነው በአልዛይመር በሽታ መጀመሪያ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ የሚባለው፣ ሞዘሮቹ ሴሎቻቸውን ያገኙበት፣ ከሂፖካምፐስ ጋር የተያያዘው ነው። ስለዚህ ዕቃ መጥፋትና መንገድ መሳት ከቀደሙት ምልክቶች መካከል መሆናቸው እውነት ነው፤ ስጋትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልዩነቱ ግን በአጠፋፉ ላይ ነው። የበሽታው ዓይነት ዕቃን ትርጉም በሌለው ቦታ ያስቀምጣል፤ መነጽር ፍሪጅ ውስጥ፣ ገንዘብ ከቆሻሻ ጋር። እርስዎ ግን ምክንያት ነበረዎት። በበሽታው ሰው እግሩን ተከትሎ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ «ከየት መጣሁ፣ ምን ይዤ ነበር» የሚለው ራሱ ይጠፋል። እርስዎ ማስቀመጥዎን፣ መቼና ለምን እንዳስቀመጡ ሁሉ ነግረውኛል። ታማሚው ብዙ ጊዜ መርሳቱን አያውቅም፤ የሚያመጡት ልጆቹ ናቸው። የእርስዎን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት።

ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ የምጠይቅዎት እንዲህ ከሆነ ነው፦ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው እንደሚጠይቁ ሰዎች ከነገሩዎት፣ የሚያውቁት ሰፈር ውስጥ መንገድ ከጠፋብዎት፣ ለዓመታት ያስተማሩትን ትምህርት ማዘጋጀት ከከበደዎት፣ ወይም ነገሩ ከወር ወደ ወር እየባሰ ከሄደ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚታዩት ሊታከሙ የሚችሉት ናቸው፤ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች። እናትዎን ከቀበሩ ብዙ ካልቆየ ደግሞ ሐዘንም ትኩረትን ይበላል። ሐብሉን ለመደበቅ ያን ያህል የተጨነቁት ዋጋው ስለከበደ ብቻ አይመስለኝም።

ወደፊት ስለማስቀመጥ የምመክረው አጭር ነው። ለሌባው ሳይሆን ለፈላጊዋ ያስቀምጡ። ቁልፍ ያለው አንድ ሳጥን፣ ሁሌም አንድ ቦታ፣ የሰነድ ሁሉ ዘመድ የሆነ። ሌላ የሚያምኑት ሰው ቦታውን ይወቅ። ልዩ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ደግሞ በተለመደው ቦታ፣ ዕቃው መኖር በነበረበት በሙዳዩ ውስጥ፣ ለእርስዎ ብቻ የሚገባ ምልክት ይተዉ፤ አንድ የሽሮ ዱቄት የነካት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ይበቃል። ፈላጊዋ መጀመሪያ የምትመጣው እዚያ ነውና።

እኔ ራሴ ፓስፖርቴን ለአሥራ አንድ ወር አጥቼው ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ። የተገኘው ለበዓል ትልቁ የቡና ረከቦት ከብፌው ላይ ሲወርድ፣ ከሥሩ በተነጠፈው ጨርቅ ውስጥ ነው። ከምን እየደበቅሁት እንደነበር እስከ ዛሬ አላስታውስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ «ካርታና ሐብል» ብለው «ቦታ አስቀመጥኩ» ብለዋል፤ አንድ ቦታ። እርግጠኛ ነዎት? ወረቀትና ወርቅ የሚፈሩት ነገር አንድ አይደለም። ወረቀቱ እርጥበት ይፈራል፤ ወርቁ እጅ ይፈራል። ሦስት ወር ሙሉ የፈለጉት ሁለቱንም በአንድነት የሚይዝ ቦታ ከሆነ፣ ትንሹን ሐብል ብቻ የሚይዙትን ቦታዎች ሳያዩ አልፈዋል ማለት ነው። ነገ ካርታውን ይርሱትና ሐብሉን ብቻ ይዘው ይጀምሩ።